አንድ ስም፣ ብዙ ሕመም፦ የመስማት ችግር አከፋፈል አጭር ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰኮሩ አንድ ሕመምተኛ «ዱዳ ነው» ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ቃሉ ለሁለት ሰሚዎች ሁለት ነገር ይነግራል። በአፋን ኦሮሞ ጆሮው የማይሰማ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን መናገር የማይችል ማለት ነው። በአማርኛም ቢሆን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል አለመስማትንና አለማወቅን አንድ ላይ አስሮ ኖሯል። መደበላለቁ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ግሪኮች «ኮፎስ» የሚሉት ቃልም ለማይሰማም ለማይናገርም ያገለግል ነበር።

ለሐኪም ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። ጆሮውን ኩክ የደፈነበት ገበሬና በማጅራት ገትር መስማቱን ያጣ ሕፃን በአንድ ስም እስከተጠሩ ድረስ፣ የመጀመሪያው በደቂቃዎች ሊረዳ የሚችል መሆኑ ተሸፍኖ ይቀራል።

ሁለቱን ለመለየት የተደረገው ሙከራ ከሚገመተው በላይ ጥንታዊ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ፣ በጥርስ የተያዘ ዘንግ ድምፅን ወደ ጆሮ እንደሚያደርስ ጻፈ። ነገሩን ወደ ሕክምና ያመጣው ግን የፓዱዋው ሐኪም ካፒቫቺ ነበር። የአንድ ብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ሕመምተኛው በጥርሱ እንዲይዝ፣ ሌላው ጫፍ ክራር መሰል በሆነ መሣሪያ ጅማት ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ሕመምተኛው የጅማቱን ድምፅ ከሰማ ጉዳቱ በታምቡሩ፣ ካልሰማ ደግሞ በነርቩ ነው ሲል ፈረደ። ዛሬ ኮንዳክቲቭና ሴንሰሪኒውራል የሚባለው ክፍፍል መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጆሮ ሲገናኙ ድብልቅ ይባላል።

ቱኒንግ ፎርክ የተባለው ባለሁለት ጣት የብረት ሹካ እ.ኤ.አ. በ1711 በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ጆን ሾር ተሠራ፤ ወደ ሐኪም እጅ ለመግባት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። ጀርመናዊው ኤርነስት ሃይንሪሽ ዌበር በ1834 የገለጸው ሙከራ የፊዚዮሎጂ ጉዳይ እንጂ የምርመራ ዘዴ አልነበረም። ሽማልዝ የተባለው የድሬዝደን ሐኪም በ1845 ለምርመራ አዋለው። አዶልፍ ሪነም የራሱን ዘዴ በ1855 ቢያሳትም፣ ለብዙ ዓመታት ያስተዋለው አልነበረም።

ይህ ርካሽ መሣሪያ በገጠር ጤና ጣቢያ ዛሬም ዋጋው ከፍተኛ ነው። 512 ኸርዝ የሆነው ሹካ ተመትቶ ግንባር መሐል ሲቀመጥ፣ በኮንዳክቲቭ ችግር ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ፣ በሴንሰሪኒውራል ችግር ደግሞ ወደ ጤነኛው ያደላል። በሪነ ዘዴ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት በኩል የሚሰማው ድምፅ በአየር ከሚሰማው ከበለጠ፣ ኩክ፣ የተቀደደ ታምቡር ወይም የሚመግል መካከለኛ ጆሮ ይጠረጠራል። ይሁንና አንዱ ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማ ከሆነ፣ የአጥንቱን ድምፅ ሌላኛው ጆሮ ተቀብሎ መርማሪውን ሊያሳስት ይችላል።

የነርቩ ወገን መንስኤዎች ግን በተፈጥሮ ሕመም ብቻ አልተወሰኑም፤ ሕክምናው ራሱ ከመካከላቸው ገባ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወባን ባጠኑበት በጊልጌል ጊቤ ግድብ አካባቢ ኪኒን የወሰደ ሰው ጆሮው ሊጮኽና መስማቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን ግን የቲቢን ታሪክ የለወጠውን ያህል፣ ሚዛንንና መስማትን በማይመለስ ሁኔታ እንደሚጎዳ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። በኢትዮጵያም ለዳግም ቲቢ ሕክምና ሲሰጥ ኖሮ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መርሐ ግብር በ2017 ከምክሩ አወጣው።

ከዓይነት ቀጥሎ የመጣው ክፍፍል የመጠን ነው። ኦዲዮሜትር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲስፋፋ መስማት በዴሲቤል ተለካ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1991 ባወጣው ሠንጠረዥ፣ በተሻለው ጆሮ እስከ 25 ዴሲቤል ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠር ነበር። በ2021 ሪፖርቱ ግን ወሰኑን ከ20 ዴሲቤል በታች አደረገው፤ በአንድ ጆሮ ብቻ ያለ ችግርም የራሱን ስፍራ አገኘ። ማሻሻያው ተገቢ ነው፤ በ25 የቆመው ወሰን በትምህርት ቤት የሚቸገሩ ልጆችን ጤነኛ ብሎ ያሳልፍ ነበርና። ደረጃው የሚሰላው ከ500፣ 1000፣ 2000 እና 4000 ኸርዝ አማካይ ነው። የስትሬፕቶማይሲንና የዘመዶቹ የጄንታማይሲንና የአሚካሲን ጉዳት ግን ከዚያ በላይ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች ይጀምራል። መርፌውን የሚወስድ ሕመምተኛ ጆሮዬ ይጮኻል ማለት ሲጀምር፣ ሹካውም ሠንጠረዡም ገና ጤነኛ ይሉት ይሆናል።