የሳንዲጌት ሜዳና የሼፊልድ መዝገብ

በዕድር መጽሔት ላይ ስለ ኳስ ሜዳ መጻፍ ምን አመጣው የሚል ሰው አይጠፋም። ይበል፤ መብቱ ነው። እኛ ግን ያየነውን ስናሰላስለው ነገሩ ለእኛ ሩቅ ሆኖ አላገኘነውም። ሰዎች ተሰባስበው፣ ደንብ ጽፈው፣ መዋጮ አዋጥተው ማኅበር አቆሙ። ያ ማኅበር ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲኖር ምን በእጁ እንደቀረና ምን እንደወጣ ነው የምንጽፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ፣ የአገራችን ነው ካላልን በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባለፈው የፈረንጆች ፋሲካ ባልና ሚስት ሆነን ልጃችንን ልንጠይቅ ሼፊልድ ወደምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሄድን። ልጃችን እዚያ አገር አንድ ልማድ ይዟል፤ ሜዳ ለሜዳ መዞር። እንግሊዞችም ጀርመኖችም ዘንድ ይህ ነገር የታወቀ ነው። ሰውየው ደጋፊ የሆነበት ክለብ ኖረም አልኖረም፣ ሐሳቡ ብዙ ሜዳ ማየት ነው። አንድ ሜዳ «አየሁት» ለማለት ጨዋታ ሲካሄድበት መገኘት አለበት፤ በባዶው ገብቶ መውጣት አይቆጠርም። ከዚያ በደብተሩ ይመዘግባል። በትልልቆቹ ሊጎች ያሉትን 92 ሜዳዎች አይተው የጨረሱ ሰዎች በ1978 የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ትንንሾቹ ክለቦችም ይህን ስላወቁ፣ በአንዳንድ የዕረፍት ቀናት የጨዋታ ሰዓታቸውን ያፈራርቃሉ፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ቀትር ላይ፣ አንዱ ማታ። እንግዳው ሁሉንም ይደርሳል፤ ክለቡም ከመግቢያው፣ ከሻዩና ከፕሮግራም ወረቀቱ የማያገኘውን ገንዘብ ያገኛል። ብልሃቱ መልካም ነው።

እኛም ቅዳሜ ሳንዲጌት፣ ሰኞ ደግሞ ድሮንፊልድ ተወሰድን።

ሳንዲጌት ከከተማው በስተምዕራብ፣ ክሮስፑል በተባለ ሰፈር ዳገት ላይ ነው። ስታዲየም ብለን ጠብቀን ነበር፤ እንዴ፣ የሰፈር ሜዳ ነው እንጂ! ዙሪያውን መኖሪያ ቤት ነው። ሜዳው ራሱ ዘመም ያለ ነው፤ ሽቅብ የሚያጠቃው ቡድን ሲያለከልክ፣ ቁልቁል የሚያጠቃው ደግሞ ኳሷ አምልጣው ሲሮጥ አየን። ከዕረፍት በኋላ ቦታ ስለሚለዋወጡ ፍርዱ ትክክል ነው። የጊነስ የዓለም ድንቃድንቅ መዝገብ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ጥንታዊ የእግር ኳስ ሜዳ ብሎ የመዘገበው ይኸንኑ ነው። በዚሁ ሥፍራ ከ1804 ጀምሮ ክሪኬት ይጫወቱበት ነበር፤ ሃላም የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በ1860 ተቋቁሞ ገባበት።

ታሪኩን ለመረዳት ግን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጥቅምት ወር 1857 ናትናኤል ክሬስዊክና ዊሊያም ፕሬስት የተባሉ ሁለት የክሪኬት ተጫዋቾች የሼፊልድ እግር ኳስ ክለብን መሠረቱ። ዛሬም ድረስ ሳይፈርስ የኖረ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ክለብ ይህ ነው። ችግራቸው ግን የሚገጥማቸው አለመኖሩ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ፤ እርስ በርስ ተከፋፈሉ። ያገቡት ካላገቡት ጋር ይጫወቱ ነበር። (ማን ያሸንፍ እንደነበር ለመገመት ብዙም አያስቸግርም።) ሃላም ሲቋቋም ጎረቤት ተገኘላቸው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1860፣ ከልደታቸው ማግሥት፣ ሳንዲጌት ላይ ገጠሙ፤ ሼፊልድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለት የተለያዩ ክለቦች ያደረጉት የመጀመሪያው ጨዋታ የሚባለው ያ ነው። በእኛ አገር አጼ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ነበሩ።

ከሁሉ ያስገረመን ግን በታኅሣሥ 29 ቀን 1862 እነዚሁ ሁለቱ ክለቦች ብራማል ሌን በተባለው ሜዳ ያደረጉት ጨዋታ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ስለቀረ፣ በላንካሻየር ያሉ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ቆመው ሠራተኛው ተርቦ ነበር። ጨዋታው የተደረገው ለእነዚያ ችግረኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ሐሳቡ እንዲህ የተቀደሰ ሆኖ ሳለ መሐል ላይ ጠብ ተነሣ። ዋተርፎል የተባለው የሃላም ተጫዋች ከሻለቃ ክሬስዊክ ጋር ተያያዘና ሰደርያውን አውልቆ ጥሎ ለቡጢ ተነሣ። ተመልካቹም ሜዳ ገባ። በኋላ ሽማግሌ የሆኑት ገብተው ገላገሉ፤ ለዋተርፎልም ቅጣቱ በረኛ ሆኖ እንዲቆም ሆነ! እኛ በስብሰባችን ላይ ለሚጮህ አባል የምንቆርጠው የገንዘብ ቅጣት ከዚህ ይሻላል ወይስ አይሻልም፣ ፍርዱን ለዕድሩ ዳኛ እንተወዋለን። ጨዋታው ያለ ግብ አለቀ።

የጨዋታ ደንቡ ራሱ በዚያ ከተማ ብዙ ተለዋውጧል። የማዕዘን ምትና የግብ አግዳሚ የእነሱ ደንብ ውስጥ ነበሩ። በኋላ የቀረም አለ። ከግቡ ግራና ቀኝ ሌላ ባንዲራ ይተከልና ኳሷ በዚያ በኩል አልፋ የአጥቂው ሰው ቀድሞ ከነካት ነጥብ ይያዝ ነበር፤ «ሩዥ» ይሉታል። ግብ ከግብ እኩል ሲሆን በዚህ ይለያያሉ። መቅደላ ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 1867፣ ሃላም የዩዳንን ዋንጫ የወሰደው እንዲሁ ነው፤ ኖርፎክ የተባለውን ክለብ ያለ አንዳች ግብ በሁለት ሩዥ አሸነፈ። ዋንጫውን የሰጠው ቶማስ ዩዳን የተባለ የቲያትር ቤት ባለቤት ነው። ይህ ዋንጫ ጠፍቶ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ1997 ተገኝቶ ወደ ክለቡ ተመልሷል። በ1877 የሼፊልድ ደንብ ከለንደኑ ጋር አንድ ሆነና ሩዥም ያኔ የሚያስታውሰው አልነበረም።

ሁለቱ ጎረቤታሞች የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ሆነ። ሃላም ትልቅ ስም አላተረፈም፤ ሜዳው ግን አለው። ሼፊልድ በ1904 የአማተሮችን ዋንጫ ወስዷል፤ በ2004 ፊፋ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ከሪያል ማድሪድ ጋር የክብር ሽልማት የሰጠው ለእሱ ነው። እንዲህ የከበረው ክለብ ግን ቤት አልነበረውም፤ ከሰው ሜዳ ወደ ሰው ሜዳ ሲዞር ኖረ። የራሱን ሜዳ ያገኘው በ2001 ነው፤ እሱም ሼፊልድ ውስጥ ሳይሆን ከከተማው በስተደቡብ ድሮንፊልድ በምትባል ሌላ ከተማ፣ ሌላ አውራጃ። ሰኞ ያየነው ይኸን ነው፤ ከመጠጥ ቤት ጀርባ ያለ ደህና ሜዳ። ሜዳ ማጣት ምን እንደሆነ ጃን ሜዳን የምናውቅ ሰዎች ይገባናል። በአገራችን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም መራገፊያ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ፤ እኛን ያከራከረን እሱ ነው። የሼፊልድ ክለብ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የእጅ ጽሑፍ ደንቡን፣ የታተመውን የ1859 ደንብና ቃለ ጉባኤውን ጠብቆ አኑሮ ነበር። በሐምሌ 2011 ይህን ሁሉ ለንደን ውስጥ ሶዝቢስ በተባለው ቤት በጨረታ ሸጠው፤ 881,250 ፓውንድ። ገንዘቡ ለክለቡ መጠናከሪያ ነው ተባለ።

ባለቤቴ «ልክ አድርገዋል» ትላለች። ወረቀት ጎል አያገባም፣ ጣራ አይጠግንም፤ ሕያው ማኅበር በሣጥን ካለ ወረቀት ይበልጣል ባይ ናት። ጸሐፊው ደግሞ የለም እላለሁ፤ ማኅበሩን ማኅበር ያሰኘው ያ ወረቀት ነው፣ ሜዳማ ሌላም ሜዳ አለ። እሷ መልሳ «ታዲያ ሃላም ምን ወረቀት አለው? ሜዳው ነው እንጂ ያኖረው!» አለችኝ። ከድሮንፊልድ እስከ ልጃችን ቤት በአውቶቡስ ስንከራከር መጣን፤ እስካሁንም አልተስማማንም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዕድራችን የመጀመሪያው መዝገብ፣ መሥራቾቹ በየተራ የፈረሙበት፣ ዛሬም በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ክረምት ጣራው ሲያፈስ ሁለቱ የፊት ገጾች ረጥበው ቀለሙ ፈስሷል፤ የሁለት መሥራቾች ስም ከእንግዲህ አይነበብም። ስማቸውን በቃል የሚያስታውሱ አንድ እናት አሉን፤ ዘንድሮ ዕድሜያቸው 91 ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ከድንኳኑ ጥገና ቀጥሎ፣ መዝገቡን የማስገልበጡ ጉዳይ እንዲያዝልን ለጸሐፊው በጽሑፍ አመልክተናል። ከዚያ በፊት ግን ደብተርና እርሳስ ይዘን እኒያን እናት ልንጠይቅ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሄዳለን፤ አብሮን መምጣት የሚፈልግ አባል ቢኖር ደስ ይለናል።