ከጣሳ የተሠራችው የናፍጣ ባቡር



ባለፈው የወር መዋጮ የተሰበሰበ ዕለት አንድ የበሳቲን ወንድማችን በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣውን ነገር ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ከወተት ጣሳና ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ ክንድ የማትሞላ የናፍጣ ባቡር ናት። ጎማዋ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ መስኮቷ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ሳቅን። «ለልጅህ ነው?» ብለን ጠየቅነው። «የለም፣ ለራሴ ነው። አባቴ ድሬዳዋ ጋራዥ ሲጠግናት የኖረው ባቡር ናት» አለን። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔም ስለዚች ባቡር እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ቃሌን ልጠብቅ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር ደመወዛችንንም ኪራያችንንም የምንቆጥረው በዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ትልቅ ሰው የባቡር ሞዴል መሥራቱ፣ መሰብሰቡና ለሰው ማሳየቱ የሞኝ ሥራ አይደለም። ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1891 ላይፕሲሽ ከተማ በተደረገ የንግድ ትርዒት ላይ ሐዲድ ያላቸውን የባቡር መጫወቻዎች ለገበያ አቀረበ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የሊቨርፑሉ ሆርንቢ በ1920 የራሱን ጀመረ። በነዚያ ባቡሮች የተጫወቱት ልጆች አደጉ፣ ሸበቱ፣ ባቡሩን ግን አልተዉም። ዛሬ በየከተማው ማኅበር አላቸው። አዳራሽ ይዘው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ይዘረጋሉ፤ ተራራ፣ ድልድይና ጣቢያ ይሠራሉ፤ ሕዝቡም እየመጣ ያያል። ሃምቡርግ ውስጥ በ2001 የተከፈተው የባቡር ሞዴል ማሳያ እስከ ዛሬ ጎብኚ ይጎርፍበታል።

ሰብሳቢዎቹ ምን ያህል ጥንቁቆች እንደሆኑ ብታዩ ትገረማላችሁ። ካርቶኑን እንኳ አይጥሉም፤ ካርቶን የሌለው ሞዴል ዋጋው ይወርዳልና። የሎኮሞቲቩ ቁጥርና ቀለም የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ድሮ ብዙዎቹ የሚወዱት ባለ እንፋሎቱን ነበር። የናፍጣውን «ሣጥን ነው፣ ጭስም ነፍስም የለው» እያሉ ይንቁት ነበር። በናፍጣ ባቡር ዘመን ያደጉት ልጆች ሲያረጁ ግን እሱም ተወዳጅ ሆነ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚሰበስበው ልጅ ሆኖ በአጠገቡ ሲያልፍ ያየውን ባቡር ነው።

ብዙ ሰው የሚይዘው ልክ 1 ለ87 ይባላል። እውነተኛው ባቡር ለ87 ተካፍሎ ማለት ነው። የእኛ የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በሞዴል 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 14 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከስንዝር ያንሳል። ለመሥራት የሚፈልግ ካለ ሒሳቡ ይኸው ነው። ችግሩ የሒሳቡ አይደለም። እውነተኛው ባቡር ምን ይመስል እንደነበር የሚነግር ሰው ማግኘቱ ነው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሐዲድ እንምጣ። ታሪኩ ይህችን የምንኖርባትን ኤደንንም ይነካል። ባቡር ሳይመጣ የሐረር ቡና በግመል ወደ ዘይላ ይወርድና በጀልባ ወደ ኤደን ይሻገር ነበር። በ1894 አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲያሠራ ፈቀዱለት። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለነበር ሐዲዱ በቆላው አለፈ፤ ከተማዋም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዘይላ ባዶ ቀረች፤ ወደ ኤደን ይመጣ ከነበረው ንግድም ብዙው ወደ ጅቡቲ ዞረ። እንግዲህ ሐዲድ አንዱን ከተማ ሲያነሣ ሌላውን ይጥላል።

የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ውኃ ጠጪ ነው። ከጅቡቲ በዓሊ ሳቢህ፣ በደወሌና በአይሻ አድርጎ ድሬዳዋ የሚደርሰው መንገድ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከመካከላችን በእግሩ የመጣበት አለ። በዚያ ላይ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነው አዲስ አበባ መውጣት አለበት። በመጀመሪያው ዘመን ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየገቡ እንፋሎቱን ተኩት። የፈረንሳዩ የአልስቶም ፋብሪካ የሠራቸውም ነበሩባቸው። የናፍጣ ባቡር ሞተር ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ኤሌክትሪኩ ከጎማው ጋር ያሉትን ሞተሮች ያዞራል። እዚህ መብራት ሲጠፋ በየሱቁ ደጃፍ የሚንጫጫውን ማጡር አስቡት፤ የናፍጣ ባቡር ማለት በሐዲድ ላይ የሚሄድ ትልቅ ማጡር ነው። በረሓ ላይ በየጣቢያው ውኃ ልሙላ አይልም። ለዚያ መንገድ እንደሱ ያለ አልነበረም።

ታዲያ ማሽን ያለ ሰው አይሄድም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አጠገብ ያለውን ጋራዥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መለዋወጫ ከአውሮፓ አልመጣ ሲል ቶርኖው ላይ ብረቱን ቀርፀው ራሳቸው ያወጡት ነበር። ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያቀላጥፍ፣ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ የሆነ ሠራተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች መደራጀትንም ያውቁ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1963 ከመቋቋሙ በፊት የምድር ባቡር ሠራተኞች በማኅበር ታቅፈው ነበር። ዛሬ እኛ እዚህ ለታመመ አዋጥተን፣ ለሞተ ቀብረን የምንኖረው ኑሮ ከእነሱ የራቀ አይደለም።

ግን ልብ በሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ መውጣታቸውን ሁሉም ያውቃል። የተሳፈሩበትን ባቡር ማን ነዳው? ሞተሩን ሌሊቱን ማን አዘጋጀው? መጽሐፍ የሚጽፈው የተሳፈረውን ነው፤ የጠገነው ተረስቶ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1977 የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ድልድይ ፈረሰ፣ መንገዱ ተቆረጠ። በጥር 1985፣ በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም.፣ አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ነፍሳቸውን ይማር። ባቡሩ እያረጀ ሄደና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ ነው። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ሊሄዱበት አይችሉም። ድሬዳዋ አሮጌው ጣቢያና ጋራዥ ውስጥ ቆመው ለጎብኚ ይታያሉ።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ያረጀ ነገር አረጀ» የሚል ይኖራል። ለእሱ እዚሁ ደጃችን ያለውን ላሳየው። ሼኽ ዑስማን የምትኖሩ፣ ባቡር በሰፈራችሁ ያልፍ እንደነበር ታውቃላችሁ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከመዓላ እስከ ሼኽ ዑስማን ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ ኋላም ወደ ላህጅ በኩል አስቀጥለውታል። ስፋቱ ልክ እንደ እኛው አንድ ሜትር ነበር። በ1929 ተዘጋ፤ ብረቱም ተነቀለ። እኔ ብዙ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ የባቡር መንገድ ነበር ያለኝ ሰው የለም። ከመቶ ዓመት በታች ነው እኮ! ብረቱ ሲነቀል ወሬውም አብሮ ተነቀለ።

ሌላም ላሳያችሁ፤ ይኸኛው ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። የምጽዋና የአስመራ ባቡር በጦርነቱ ጊዜ ፈርሶ ሐዲዱ ለምሽግ ተወስዶ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደገና ሲሠራ ሥራውን የሚያውቁት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ። ተጠሩ፣ መጡም፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ነበሩባቸው። ከብረት ክምር ውስጥ ሐዲዱን አወጡ፤ አሮጌዎቹን ባቡሮች አስነሡ። ባቡሩ ያለው በብረቱ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በሽማግሌዎቹ እጅ ውስጥም ነበር። አንድ አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ማን ይጠራ ነበር?

የጣሳዋ ባቡር ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ያን ዕለት ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ጠጋ ብለው አዩዋትና «በጎኗ ያለው መስኮት በዛ» አሉ። ሌላው «የለም፣ ልክ ነው» አለ። ክርክር ሆነ። ሠሪው ወንድማችን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «አባቴን ብጠይቀው ጥሩ ነበር፤ አረፈ» አለ። ነገሩ በዚያው ቀረ። መስኮቷ ስንት እንደነበር ማናችንም አናውቅም።

አውሮፓ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እንዲህ ሲቸግረው መጽሐፍ ይገልጣል፤ የፋብሪካውን ሥዕል ያገኛል። የእኛ መጽሐፍ ግን ገና ያልሞተው ሽማግሌ ነው። የጋራዡ መካኒክ፣ የባቡሩ ሾፌር፣ ሽንሌ ወይም ኤረር ጣቢያ ላይ ሻይ ታፈላ የነበረችው እናት ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመካከላችሁ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ምድር ባቡር የሠራ ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ምን ትሠራ ነበር በሉት። ሞተሩ ስንት ሰው ይፈልግ ነበር? ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? ቀለሙስ ምን ነበር? የነገራችሁን በወረቀት ጻፉና ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። የድሮ ፎቶ ያለው ሰው በስልክ ልኮ ያሳየን። በእጁ መሥራት የሚችል ደግሞ ጣሳ ሞልቷል፤ መቀሱን ከእኔ ይዋስ።

የወንድማችን ባቡር ከመዋጮው መዝገብ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። መጥታችሁ እዩዋት። የመስኮቱን ቁጥር በእርግጠኝነት የሚያውቅ ከተገኘ ደግሞ ቆርቆሮ አለን፣ እናስተካክላታለን።