ስም የሚሰወርበት፣ ሕመም የሚገለጥበት ጉባኤ



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይሁንና በስደት ምድር የመጠጥ ሱስን ያህል ተደብቆ የሚኖር ሕመም ጥቂት ነው። በአገር ቤት አንድ ሰው መጠጥ ሲያበዛ ጎረቤት ያያል፤ ሽማግሌ ይመክራል፤ የንስሓ አባት ይገሥጻል። እዚህ ግን በእረፍት ቀኑ በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚጠጣውን ማን ያየዋል? እርሱም ወሬው ለአሠሪው እንዳይደርስ፣ ቤተሰቡ እንዳይሰማ፣ በአንዳንድ አገርም በሕግ እንዳይጠየቅ ይፈራል። ስለዚህ ተመሳሳይ ኀፍረትና ፍርሃት የነበረባቸው ሰዎች ከ90 ዓመታት በፊት ያገኙትን መንገድ ላወሳላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን በምትባል ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ነበር። መጠጥ ከተወ አምስት ወር ያህል ሆኖታል። ጉዳዩ አልተሳካም፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ በሜይፍላወር ሆቴል፣ ቅዳሜን ብቻውን ቀረ። ከመጠጥ ቤቱ የሚሰማው ሳቅና ጨዋታ ይጠራው ጀመር። በዚያች ሰዓት፣ እንዳይወድቅ ከፈለገ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሕመምተኛ አግኝቶ ማነጋገር እንዳለበት ተረዳ። በሆቴሉ ከነበረው የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ለአንድ ቄስ ደወለ፤ ቄሱም የሰዎች ስም ሰጠው። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት በሯን ከፈተችለት።

በማግስቱ እሑድ በእርሷ ዘንድ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ቦብ መጠጥ ሥራውንና ትዳሩን ያናጋበት ቀዶ ሐኪም ነበር። ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አስቀድሞ ተናግሮ የመጣው ሰው እስከ ሌሊት ድረስ ተቀምጦ አወጋ። ቢል አልወቀሰውም፤ የራሱን ውድቀት ነገረው እንጂ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦብ እንደገና ጠጣ፤ ቢል ግን አልተለየውም። ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 «አልኮሊክስ አኖኒመስ» የተሰኘው ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ሆኖ ይከበራል። ስሙም «ማንነታቸው የማይገለጽ የአልኮል ሕሙማን» እንደ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በአየርላንድ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ሲስተር ኢግናሺያ በአክረን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕሙማን መቀበያ ኃላፊ ነበረች። በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች ሰካራምን አስተኝቶ ማከም አይወዱም ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1939 ዶክተር ቦብ አንድ ሕመምተኛ እንድትቀበል ለመናት፤ እርሷም «የጨጓራ ሕመም» አስብላ አስገባችው። ጓደኞቹ መጥተው በነፃነት እንዲያነጋግሩትም አበባ ወደሚዘጋጅበት ትንሽ ክፍል ተዛወረ። በዚህ መንገድ የተጀመረው አገልግሎት ዶክተር ቦብ እስካረፈበት እስከ 1950 ድረስ ወደ 5000 ለሚጠጉ ሕሙማን ደረሰ። ሲስተር ኢግናሺያ ለሚወጡት የኢየሱስን ቅዱስ ልብ ምልክት ትሰጥ ነበር፤ ለመጠጣት የወሰነ ሰው ግን አስቀድሞ መጥቶ እንዲመልስላት ቃል ታስገባው ነበር።

ወገኖቼ፣ ስምን መሰወርና በሽታን መደበቅ አንድ አይደሉም። በሽታውን የደበቀ ብቻውን ይቀራል። ስሙን ጠብቆ በሽታውን የገለጠ ግን ወንድም ያገኛል። በእነዚህ ጉባኤዎች የቤተሰብ ስም አይጠየቅም፤ እዚያ የተሰማው ውጭ አይወራም፤ ክፍያ የለም። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን መናገር ግዴታ አይደለም፤ መስማት ይበቃል። አሳቡም «ለዘለዓለም» የሚል ሳይሆን «ዛሬን አልጠጣም» የሚል ነው።

እንዴት ይገኛል ብትሉ፣ ቢል እንዳደረገው በመጠየቅ ጀምሩ። የቁምስናችሁን ካህን አነጋግሩ፤ በንስሓ የተናገራችሁት በምስጢር ይጠበቃል። ማኅበሩ በኢንተርኔት ከሚያወጣው ዝርዝር የከተማችሁን ጉባኤ ፈልጉ፤ በአቅራቢያችሁ ከሌለ፣ ወይም ከቤት መውጣት ካልተፈቀደላችሁ፣ በስልክ የምትከታተሉት አለ። ክፍት በሚባለው ስብሰባ አጃቢ መግባት ይችላል፤ ዝግ የሚባለው ግን ለራሳቸው ለሕሙማኑ ነው። ለቤተሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው «አል-አኖን» አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በየዕለቱ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊነሣበት፣ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላልና አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ሲስተር ኢግናሺያ ሕሙማኑን በሆስፒታል አልጋ የተቀበለቻቸው ለዚህም ነበር።

ይህን ከምታነቡት መካከል አንዱ ስለ ራሱ እየተነገረ እንደሆነ ቢሰማው፣ እስከ ነገ አይቆይ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይደውል። የጓደኛውን ችግር የሚያውቅም በሰው ፊት አይንቀፈው፤ ለብቻው ቀርቦ «አብሬህ ልሂድ» ይበለው።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።