ፒ-ቴክ

ፒ-ቴክ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን፣ ኮሌጅንና የሥራ ልምምድን ያጣመረ የትምህርት ቤት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ተከፈተ። መሥራቾቹ የከተማው ትምህርት መምሪያ፣ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እና አይ ቢ ኤም የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ናቸው።

አሠራር

ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ 6 ዓመት ይፈጃል፤ ፈጣን ተማሪዎች ግን በ4 ዓመት ሊጨርሱት ይችላሉ። ለመግባት የመለያ ፈተና አያስፈልግም። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማው ጋር የ2 ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ያለ ክፍያ ያገኛል። ይህም የኮሌጅ ክፍያ ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ነው።

ኩባንያው ለሥራው የሚፈለገውን ክህሎት ይጠቁማል፣ ከሠራተኞቹም አማካሪ ይመድባል፣ የሥራ ልምምድም ይሰጣል። ተመራቂዎች ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ መቀጠራቸው ግን ዋስትና የለውም። ሆኖም ዲግሪው የሚሰጠው በመንግሥት ኮሌጅ ስለሆነ በሌላ መሥሪያ ቤትም ያገለግላል።

መስፋፋት

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2013 ትምህርት ቤቱን ጎብኝተዋል። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ሞሮኮም ተዛምቷል።