ላምባም ሽቶም የሚነዳው መኪና

በናፍጣ፣ በላምባ፣ በምግብ ዘይት፣ ሽቶ እንኳ ቢሞሉለት የሚሄድ መኪና ቢሰጥዎት እምቢ ይላሉ? ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ 50 እንዲህ ያሉ መኪኖችን ለ203 አሜሪካውያን ተጠቃሚዎች በየተራ ለሦስት ሦስት ወር አውሷቸው ነበር።

ሞተሩ ፒስተን የለውም፤ እንደ ጄት አውሮፕላን በሚሽከረከር ተርባይን ይሠራል። እሳቱ ሳይቋረጥ ስለሚነድ ነዳጅ ብዙም አይመርጥም። ታዲያ ምን ጎደለው? ነዳጅ መስጫውን ሲረግጡት ቶሎ አይነሳም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ለማምረትም ውድ ነው።

ሙከራው አለቀና፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ናሙናዎች ጨምሮ ከተሠሩት 55 መኪኖች 46ቱ ሆን ተብሎ ወደሙ። የቀሩት 9 ናቸው፤ አብዛኞቹም ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚመኙት እንግዲህ ይህንኑ ነው፦ ሠሪው ራሱ አያስፈልግም ብሎ የጨፈለቀውን።