«ማን ፈቀደልህ?»

ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚወርድ ሚኒባስ አንድ ጎረምሳ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ከኋላው ያሉት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ዝጋው እንጂ ልጄ፣ ብርድ ገባ» አሉት። «ፍሪደሜ ነው እናቴ፣ መብቴ ነው!» «ማን ፈቀደልህና?» ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ሴትዮዋ ሳያስቡት የቃሉን ሥር እንደነኩት ታየኝ። «መብት» ከግዕዙ «መባሕት» የመጣ ነው፤ «አብሐ» ደግሞ ፈቀደ፣ ሥልጣን ሰጠ ማለት ነው። በጥንቱ ፍች እንግዲህ መብት ከበላይ የሚቸር ነገር ነው፤ ቸሪው ሲቆጣ ይነጠቃል። ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሞገተው ተቃራኒውን ነው፦ ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት መንግሥት ከመምጣቱ በፊትም የሰው ናቸው። የእኛው የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10ም የሰብዓዊ መብትን ምንጭ የሰው ተፈጥሮ አድርጎታል፤ የቃሉ ፍች በወረቀት ላይ ተገልብጧል፣ በሚኒባሱ ግን ገና ነው። ስለዚህ «የተፈጥሮ መብት» ስንል «የተፈጥሮ» የሚለውን አንጣለው፤ አሮጌውን ፈቃድ የሚያባርርልን እሱ ነው። «ፍሪደም»ን ግን ምን አመጣው? «ነጻነት» አለን፤ ከ«ነጽሐ» የወጣ፣ ንጽሕና ያለበት ቃል ነው፤ ችግሩ ስንሰማው ዐድዋና ባንዲራ ቀድመው ይመጣሉ። ለአንድ ሰው ለብቻው «አርነት» ይሻለኛል። ባሪያ ከጌታው እጅ ሲላቀቅ «አርነት ወጣ» ይባል ነበር፤ ጌታ የሌለበት ሰው ወለል ብሎ ይታያል። «የግል አርነት» ብንልስ? ጎረምሳው መስኮቱን እስከ ግማሽ ዘጋው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አላወረዱም።