ማድያትና ጠቃጠቆ፦ ከየት ይመጣሉ? እንዴትስ ይታከማሉ?

ፊት ላይ የወጣ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ ይሰማል። አንዱ ጠቃጠቆ ይለዋል፣ ሌላው ማድያት። የመዋቢያ ሻጩ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ብልቃጥ ክሬም አጠፋለሁ ይላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች መንስኤያቸውም፣ የሚወጡበት ዕድሜም፣ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ልዩነታቸውን አለማወቅ ገንዘብ ከማስባከን አልፎ ቆዳንና ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የቆዳ ቀለም የሚመነጨው ሜላኖሳይት ከሚባሉ ህዋሳት ነው። እነዚህ ህዋሳት ሜላኒን የተባለውን ቀለም ሠርተው በዙሪያቸው ላሉ የቆዳ ህዋሳት ያከፋፍላሉ። ጥቁር ሰውና ነጭ ሰው የሚለያዩት በህዋሳቱ ቁጥር ሳይሆን በሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒን ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር እንደ ጃንጥላ ይመክታል፤ ጨረሩ ሲበረታ ቆዳም ተጨማሪ ሜላኒን ያመርታል። ጠቃጠቆም ማድያትም የዚሁ የመከላከል ሥራ በአንድ ቦታ ሲበዛ የሚታዩ ናቸው።

ጠቃጠቆ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ ከቆዳው ደረጃ ከፍ የማይሉ ነጥቦች በልጅነት ዕድሜ በአፍንጫና በጉንጭ ላይ ብቅ ይላሉ፤ በበጋ ይደምቃሉ፣ ፀሐይ ሲቀንስ ይደበዝዛሉ። ከጠቃጠቆ ጋር በጥብቅ የተያያዘው ኤምሲ1አር የተባለው ዘረ መል ሲሆን፣ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። በጣም ነጭ ቆዳና ቀይ ፀጉር ባላቸው ሰዎች ላይ የሚበዛውም በዚሁ ዘረ መል ልዩነት የተነሣ ነው። ጠቃጠቆ በሽታ ስላልሆነ ሕክምና አያስፈልገውም። ባለቤቱ ግን በፀሐይ በቀላሉ የሚቃጠል ቆዳ ያለው ሊሆን ስለሚችል ራሱን ከፀሐይ መጠበቅ ይገባዋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ጠቃጠቆ የሚሉት ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚወጡት፣ በጣት ሲዳሰሱ ከፍ የሚሉት ጥቃቅን ጥቁር እብጠቶች በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ እጅግ የተለመዱና በቤተሰብ የሚወረሱ ናቸው። ጉዳት የላቸውም፤ በክሬምም አይጠፉም። ማስወገድ የሚፈልግ ሰው ሐኪም በቀላል አሠራር ሊያነሣለት ይችላል።

ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ማድያት ነው። በሁለቱ ጉንጮች፣ በግንባር፣ በላይኛው ከንፈር ላይ ግራና ቀኙ ተመሳስሎ የሚወጣ ቡናማ ጥላ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው። እርግዝና፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብልና የቤተሰብ ዝንባሌ ያመጡታል፤ የሚያባብሰው ግን ከሁሉ በላይ ፀሐይ ነው። በአንዳንዶች ዘንድ የጉበት ሕመም ምልክት ተደርጎ ይታሰባል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖር ሰው በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ቀትር የአልትራቫዮሌት መለኪያው 11ና ከዚያ በላይ፣ ማለትም እጅግ አደገኛ ከሚባለው ደረጃ ይደርሳል። ከጨረሩ አንዱ ክፍል በመስኮትና በመኪና መስታወት ስለሚያልፍ ሾፌሩም፣ መስኮት ሥር የሚሠራውም አያመልጥም። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ለዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ማድያትን ያጠቁራል። ሙቀትም ድርሻ አለው ተብሎ ስለሚታመን ቀኑን ሙሉ በምድጃና በመጥበሻ ፊት የምትቆም ሠራተኛ ፊቷን ከግለቱ ብታርቅ ይበጃታል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከመከላከያ ነው። ያለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚቀባ መድኃኒት በቀዳዳ ጣሳ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። የመከላከያው መጠን 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ፣ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ መቀባት፣ ውጭ ሲውሉም በየ2 ሰዓቱ መድገም ያስፈልጋል። አይረን ኦክሳይድ የተባለው ቀለም ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የሚመስል ክሬም የሚታየውን ብርሃንም ስለሚከላከል ለጥቁር ቆዳ ይመረጣል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና ሻሽም ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሐኪም መድኃኒት ነው። ሀይድሮኪኖን የሜላኒንን ምርት ይገታል፤ ለተወሰኑ ወራት ብቻ በክትትል ይሰጣል። ያለ ክትትል ለዓመታት ከተቀባ ግን ቆዳውን በተቃራኒው ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ሊያበላሸው ይችላል። ያን ጉዳት መመለስ ደግሞ ከማድያቱ ይልቅ ያስቸግራል። ትሬቲኖይንና አዜላይክ አሲድም በአገልግሎት ላይ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ትሬቲኖይንንና ሀይድሮኪኖንን አትቀባም፤ አዜላይክ አሲድ ግን ሐኪም ሊያዝላት ይችላል። በእርግዝና የመጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ራሱ ሊደበዝዝ ስለሚችል መታገሥ ያዋጣል። የሚዋጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ ለአንዳንዶች ይረዳል፤ ደም የመርጋት ታሪክ ላለው ሰው ግን አይሰጥም። ሌዘር በጥቁር ቆዳ ላይ ማድያቱን ሊያባብስ ስለሚችል የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ለውጥ የሚታየው በሳምንት ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው፤ ተመልሶ መምጣቱም የተለመደ ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል ምክንያት እንደሆነ የጠረጠረች ሴት ሐኪም ሳታማክር አታቋርጠው።

በሳምንት አነጣለሁ የሚለው ክሬም እጅግ ያሠጋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታዞንን የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ ይዘዋል። መጀመሪያ ፊትን ያጠራሉ፣ ቆይተው ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያወጣሉ፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላሉ። ሲቋረጡም ፊቱ ይቀላል፣ ይቃጠላል፤ ሰውየው ሳይወድ በግድ ወደ ክሬሙ ይመለሳል። ሌሎቹ ደግሞ ሜርኩሪ ይዘዋል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከተቀባው ሰው ቆዳ፣ ፎጣና ትራስ ተንኖ በቤቱ ያሉ ሕፃናትንም ሊመርዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ በአንድ ኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ መኖሩን ከልክሎ ነበር፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዲቀር ተስማምተዋል። ሆኖም ያለ መለያ ጽሑፍ በእጅ በእጅ የሚሸጠው አልጠፋም። ገዢው ሊያውቀው የሚችል አንድ ምልክት አለ፦ በዕቃው ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚንየም ያርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ሜርኩሪ ሳይኖርበት አይቀርም። የካሎሜል ወይም የሜርኩሪክ አዮዳይድ ስም ከተጻፈም እንዲሁ ነው። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን አቃጥሎ አዲስ ጥቁረት ይተዋል።

እንዲህ ያለውን ክሬም ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ማሸጊያውን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ አለበት። ስቴሮይድ ያለበትን በድንገት ከማቆም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ የሚሻልበት ጊዜ አለና። ማሸጊያው ላይ ጽሑፍ ባይኖርም እንኳ ሐኪሙ ብልቃጡን ቢያየው ይጠቅማል።

አንድ ነጥብ ብቻ እያደገ፣ ቀለሙ እየተለያየ ወይም እየደማ ከሄደ ግን ጉዳዩ ማድያት አይደለምና በፍጥነት መታየት አለበት። በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በፊት ሳይሆን በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ድምፃዊ ቦብ ማርሌይ ሕመሙ የጀመረው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነበር።